ለሰው አገር ኑሮ የሚያስፈልግ ዋስትና

ሴት ልጅ በወለደች ጊዜ እናቷ ካለችበት ድረስ ሄዳ እንድታርሳት የሚያዘው ልማዳችን ውቅያኖስ ስለ ተሻገረ አልተቋረጠም። ዛሬ ብዙ እናቶች ወደ ልጃቸው አራስ ቤት የሚጓዙት ከቦሌ ተነሥቶ አትላንቲክን በሚያልፈው አይሮፕላን ነው። ሻንጣቸው ቢፈተሽ የገንፎ ዱቄት፥ ሽሮ፥ በሶ፥ አብሽና ለሕፃኑ የተሠራ ጋቢ ይገኝበታል። የማይገኝበት ነገር ቢኖር ስለ ራሳቸው ጤና የሚናገር ወረቀት ነው። በዛሬው ዓምዳችን ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለዚሁ ወረቀትና እርሱን ስለሚመስሉ ሌሎች ወረቀቶች፥ ይኸውም በሰው አገር ለሚኖር ሰው ጤናና ቤት ዋስትና ስለሚሆነው ስለ ኢንሹራንስ ውል ነው።

ነገሩን እንድናነሣ ያደረገን በቅርብ የምናውቀው አንድ ቤተሰብ ያገኘው ችግር ነው። ባልና ሚስቱ የሚኖሩት በአሜሪካን አገር በሜሪላንድ፥ ከዋሽንግተን አጠገብ በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የበኩር ልጃቸው ሊወለድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚስቲቱ እናት ከአዲስ አበባ መጡ። ልጃቸው አስተዋይ ስለ ሆነች፥ እናቷ ያለ ዋስትና እንዳይመጡ ብላ ለእንግዶች የተዘጋጀ የሦስት ወር የጤና ኢንሹራንስ አስቀድማ ገዝታላቸው ነበር። ከቀረቡላት ውሎች መካከል የመረጠችው ዋጋው አነስተኛ የሆነውን ነው፤ በዚህም የሚፈርድባት ሰው ያለ አይመስለንም፤ አራስነት ወጪ የሚበዛበት ጊዜ ነውና። የሞላችው ቅጽ የጠየቃት የእናቷን ስም፥ የተወለዱበትን ቀን፥ የፓስፖርታቸውን ቁጥርና የሚደርሱበትን ቀን ብቻ ነበር። ደም ብዛት አለባቸው ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እርሷም፥ ያልጠየቁኝን ነገር በኋላ ምክንያት አያደርጉብኝም ብላ አሰበች።

ሕፃኑ በተወለደ በ11ኛው ቀን ጧት ወይዘሮዋ ገንፎ ሲያገነፉ ማማሰያው ከእጃቸው ወደቀ። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ንግግራቸውም ተሳሰረ። አራሷ ሕፃኑን ታቅፋ መጮኽ ጀመረች፤ ባሏም አምቡላንስ ጠራ። ሆስፒታሉ ገንዘብ አላችሁ ወይ ሳይል ተቀበላቸው፤ ሐኪሞቹም በፍጥነት ስለ ደረሱላቸው ሕይወታቸው ተረፈ። ሆስፒታሉ እንዲህ ያደረገው በቸርነት ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የአሜሪካን ሕግ፥ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ያላቸውን ሆስፒታሎች ከሞላ ጎደል ሁሉ፥ ወደ በራቸው የመጣውን ሕመምተኛ የመክፈል አቅሙን ሳይመለከቱ እንዲመረምሩና ከሚያሰጋው ሁኔታ እንዲያወጡት ያስገድዳቸዋል። ነገር ግን ሕጉ አክሙ ይላል እንጂ በነፃ አክሙ አይልም። ይህነን ልዩነት ብዙ ሰው የሚያውቀው ሒሳቡ በፖስታ ሲደርሰው ነው።

ሒሳቡ የደረሰው በአምስተኛው ሳምንት ነው። ቁጥሩን መጻፍ አያስፈልግም፤ በአገራችን በአንድ መለስተኛ ከተማ ደኅና ቤት የሚያሠራ ገንዘብ ነበር ብለን እንለፈው። ወደ ኢንሹራንሱ ኩባንያ በተላከ ጊዜ ኩባንያው በመጀመሪያ የጠየቀው የወይዘሮዋን የቀድሞ የሕክምና ማስረጃ ነው። ማስረጃው ከአዲስ አበባ መጣ፤ ከስድስት ዓመት ጀምሮ ለደም ብዛት መድኃኒት ይወስዱ እንደ ነበር ይገልጻል። መልሱ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ተጻፈ፤ በሽታው ውሉ ከመጽናቱ በፊት ከነበረ ሕመም የመነጨ ስለ ሆነ ኩባንያው አይከፍልም። ልጅቱ የውሉን ጽሑፍ አውጥታ ብትመለከት ቃሉ በ19ኛው ገጽ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ አገኘችው። ያታለላት ሰው አልነበረም፤ ያነበበላት ሰውም አልነበረም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለኢንሹራንስ አሳብ እንግዶች አይደለንም፤ እድር አለን። እድርተኛ በሞተ ጊዜ ዳኛውና ጸሐፊው ሟቹ በምን ሞተ፥ ሕመሙስ የጀመረው መቼ ነው ብለው አይመረምሩም፤ መዋጮውን መክፈሉን ይመለከቱና ድንኳኑን ያስተክላሉ። እድርም ቢሆን ሕግ አለው፤ በወሩ ያልከፈለ ይቀጣል፥ የቀረ ይመዘገባል። ሆኖም እድርተኛው ጎረቤት ስለ ሆነ ብዙው ነገር በመተዋወቅ ይፈታል። ከዚህ ልማድ ወጥቶ ባሕር የተሻገረ ሰው፥ ገንዘቤን ከከፈልኩ ችግሬ ሁሉ ተሸፈነ ብሎ ማሰቡ አያስገርምም። የኢንሹራንስ ኩባንያ ግን የሚያውቀው በውሉ የተጻፈውን ብቻ ነው፤ በውሉም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሚከፈልበት ነገር ይልቅ የማይከፈልበት ነገር የተዘረዘረበት ክፍል ይረዝማል። ስለዚህ የእኛ አሳብ፥ ውል የቀረበለት ሰው ንባቡን ከዚያው ከማይከፈልበት ክፍል ይጀምር የሚል ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች የተጻፉት ለመሸጥ ነውና ለኋላ ቢቆዩ አይጎዳም።

ለእንግዶች የሚሸጠው የጤና ኢንሹራንስ በጠቅላላው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለእያንዳንዱ ነገር አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ ብቻ ይከፍላል፤ ለአንድ ሌሊት የሆስፒታል መኝታ ይህን ያህል፥ ሐኪም አንድ ጊዜ ላየበት ይህን ያህል ይላል። ሆስፒታሉ ከዚያ አሥር እጥፍ ቢጠይቅ ቀሪው የሕመምተኛው ዕዳ ነው። ሁለተኛው ከእውነተኛው ሒሳብ ላይ በመቶኛ እያሰበ እስከ ውሉ ጣራ ድረስ ይከፍላል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ከሁለተኛው ዓይነት ውሎች አንዳንዶቹ፥ የቆየ ሕመም በድንገት ሲነሣ ለሚያስፈልገው አስቸኳይ ሕክምና የሚከፍሉበት አንቀጽ አላቸው። ይህ አንቀጽ ብዙ ጊዜ የዕድሜ ወሰን አለው፤ 70 ዓመት የሞላው ሰው የማይገባበት ውል ብዙ ነው፤ ሕክምናውም ሕመሙ በተነሣ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ይፈልጋል። ወይዘሮዋ 67 ዓመታቸው ስለ ነበር፥ እንዲህ ያለ ውል ተገዝቶላቸው ቢሆን ኖሮ ከሒሳቡ ቢያንስ ከፊሉ ሊከፈል ይችል ነበር። በሁለቱ ውሎች መካከል የነበረውን የዋጋ ልዩነት ልጅቱ በኋላ አስባው ነበር፤ ለሕፃኑ ከገዙት ጋሪ ዋጋ አይበልጥም።

ሁሉም በሕመምተኛዋ አልጋ ዙሪያ ተሰብስቦ ሳለ ሌላ ቀጠሮ ሳይታሰብ ይቀርብ ነበር። የሕፃኑ አባት በሥራ ቦታው አማካይነት የጤና ኢንሹራንስ አለው፤ ሚስቱም በእርሱ ስም ገብታለች። አዲስ የተወለደው ልጅ ግን ካልተመዘገበ ወደ ውሉ አይገባም። ሕጉ ለዚህ ምዝገባ የሚሰጠው ጊዜ ቢያንስ 30 ቀን ነው፤ በጊዜው የተመዘገበ ሕፃን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እንደ ተሸፈነ ይቆጠራል፥ ቀኑ ያለፈበት ግን የዓመቱ የምዝገባ ወራት እስኪደርስ ሊጠብቅ ይችላል። (ኢንሹራንሳቸውን በሥራ ቦታ ሳይሆን መንግሥት ባቋቋመው ገበያ የገዙ ቤተሰቦች 60 ቀን አላቸው።) በ28ኛው ቀን ማታ አንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ፥ ወይዘሮዋን ለማየት ብቅ ባለች ጊዜ፥ “ለመሆኑ ሕፃኑን አስመዝግባችሁታል?” ብላ ጠየቀች። አባትየው መልስ ሳይሰጥ ተነሥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። በማግሥቱ ሥራ ቤቱ ሲከፈት ከሁሉ ቀድሞ የገባው እርሱ ነበር።

ስለ ሒሳቡም ቢሆን በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቁጥር የመጨረሻ ቃል አልነበረም። በአሜሪካን ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች፥ ከግብር ነፃ የመሆን መብታቸውን ለመጠበቅ፥ አቅም ለሌለው ሕመምተኛ ሒሳብ የሚቀንሱበት ወይም የሚተዉበት የተጻፈ ደንብ እንዲኖራቸው ሕግ ያዛል። ማመልከቻውንም የመጀመሪያው የሒሳብ ወረቀት ከተላከበት ቀን ጀምሮ እስከ 240 ቀን ድረስ መቀበል አለባቸው። የሚረዳው ማን እንደ ሆነ የሚወስነው የየሆስፒታሉ ደንብ ስለ ሆነ፥ እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው በአንዱ ይፈቀድለታል በሌላው አይፈቀድለትም፤ ሳይጠይቁ መተው ግን ስሕተት ነው። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ለሕመምተኛው አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብም ግዴታው ነው። በዋሽንግተን አካባቢ አማርኛ ከሚጠየቁት ቋንቋዎች አንዱ ስለ ሆነ፥ “አማርኛ” የሚለውን ቃል መናገር ይበቃል። ልጅቱ አመለከተች፤ ከሒሳቡ ከፊሉ ተቀነሰላት፥ የቀረውንም በየወሩ እየከፈለች ነው። የምትከፍለው እርሷ የሆነችበት ምክንያት ደግሞ መታወቅ ይገባዋል። እናቷ በገቡ ዕለት ከቀረቡላት ወረቀቶች አንዱ ሒሳቡን ለመክፈል ዋስ ነኝ የሚል ነበር፤ እርሷም በዚያ ጭንቀት ውስጥ የቀረበላትን ሁሉ ፈረመች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወረቀቱ ለሕክምና ፈቃድ መስጫ ነው ወይስ ለዕዳ ዋስ መሆኛ ብሎ መጠየቅ ሕክምናውን አያስቀርም።

በዚያው አገር ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው የሚሸጠው ውል ከእንግዳው ውል የተሻለ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ዋና ዋናዎቹ የጤና ኢንሹራንስ ውሎች የቀድሞ ሕመምን ምክንያት አድርገው ሰውን መከልከል አይችሉም። ሆኖም አረቦኑን በየወሩ የሚከፍል ሰው ሁሉ ሐኪም ቤት ሲሄድ ምንም አይከፍልም ማለት አይደለም። ዲዳክቲብል የሚባለው፥ ኩባንያው መክፈል ከመጀመሩ በፊት ባለውሉ በዓመቱ ውስጥ ከራሱ የሚያወጣው ገንዘብ ነው። አረቦኑ አነስተኛ የሆነ ውል ብዙ ጊዜ ዲዳክቲብሉ ከፍተኛ ነው። ከዚህም ሌላ ኩባንያው ውል የተዋዋላቸው ሐኪሞች ዝርዝር አለ፤ ከዝርዝሩ ውጭ ወደ ሆነ ሐኪም በቀጠሮ የሄደ ሰው ይበልጥ ይከፍላል፥ ወይም ሁሉንም ራሱ ይከፍላል።

አገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በጀርመን የኅብረተሰቡ የጤና ኢንሹራንስ ከደመወዝ ላይ የሚቆረጥ ሲሆን አሠሪና ሠራተኛ ይካፈሉታል፤ ገቢ የሌላት ሚስትና ልጆች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገባሉ። በኢንግሊዝ አገር ለረዥም ጊዜ ቪዛ የሚያመለክት ሰው ከ2015 ጀምሮ የጤና ክፍያ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ይህም ከ2024 ፌብሩዋሪ ወዲህ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ ሆኗል። ወደ ጀርመን፥ ወደ ፈረንሳይ፥ ወደ ኢጣሊያ ወይም ወደ ሌሎቹ የሼንገን አገሮች ለጉብኝት የሚሄድ እንግዳ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ የጤና ኢንሹራንስ ካላሳየ ቪዛ አያገኝም፤ ይህም ቢሞት አስከሬኑን ወደ አገሩ ለመመለስ የሚያስፈልገውን ወጪ ይጨምራል። በአሜሪካን የጉብኝት ቪዛ ላይ እንዲህ ያለ ግዴታ ስለሌለ ጉዳዩ ለልጆች አስተዋይነት ተትቷል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበን ግን ወደ ዓረብ አገሮች ሄደው በሰው ቤት የሚሠሩት እኅቶቻችን ነገር ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉ ቤተሰብ መልካምም ሆነ መጥፎ ውሉን ራሱ መርጧል። የቤት ሠራተኛይቱን ውል የሚመርጠውና የሚገዛው ግን አሠሪዋ ነው፤ ብዙ ጊዜም ወረቀቱን አታየውም። በዱባይ በ2013 የወጣው ሕግ አሠሪ ለሠራተኞቹ፥ የቤት ሠራተኛን ጨምሮ፥ የጤና ኢንሹራንስ እንዲገዛ ያስገድዳል፤ ዋጋውንም ከደመወዟ መቁረጥ ክልክል ነው። በአቡ ዳቢ ከ2005 ጀምሮ ይህንኑ የሚመስል ሕግ አለ። ከ2025 ጃንዋሪ ጀምሮ ደግሞ ግዴታው በቀሩት ኤሚሬቶች ላሉት የግል ድርጅት ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች ተዘርግቷል፤ ኢንሹራንስ ካልተገዛ የመኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም፥ አይታደስምም። ለእነዚህ ሠራተኞች የተወሰነው መሠረታዊ ውል ሲጀመር ዋጋው በዓመት 320 ድርሃም ነበር። አንድ ቤት የሚያስተዳድር አሠሪ ይህን ያህል ገንዘብ ከብዶኛል ቢል የሚያምነው የለም።

በሳውዲ ዓረቢያ ከ2024 ጁላይ ጀምሮ የቤት ሠራተኞች የጤና ኢንሹራንስ ግዴታ የሆነው ከአራት በላይ የቤት ሠራተኞች ባሉት አሠሪ ላይ ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የራሳቸው ምክንያት ይኖራቸዋል፤ በእኛ አስተያየት ግን ዋስትና ይበልጥ የሚያስፈልጋት በቤቱ ውስጥ ብቻዋን የምትሠራው ናት። አምስት ሆነው በሚሠሩበት ቤት አንዷ ብትታመም አራቱ ይናገሩላታል፤ ብቻዋን ያለችው ትኩሳቷን የሚለካላት እንኳ የለም። ስለዚህ ለጉዞ የተነሣች ልጅ ውል ከመፈረሟ በፊት፥ ስታመም የሚያሳክመኝ ማን ነው፥ ይህስ በውሉ የት ላይ ተጽፏል ብላ መጠየቅ ይገባታል። ካርዱ በተሰጣት ጊዜም በስልኳ ፎቶግራፍ አንሥታ አገር ቤት ላለ ዘመድ ትላከው፤ ካርዱ በእመቤቲቱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ የቀረ እንደ ሆነ ቁጥሩ አይጠፋባትም። በኤሚሬቶች ብዙዎቹ ሐኪም ቤቶች የመታወቂያ ቁጥሯን ብቻ ተመልክተው ኢንሹራንሷን ማግኘት ይችላሉ። ይህን ባለማወቅ ሕመሟን ችላ የምትቀመጥ ብዙ ናት።

አሁን ከሕመም ወደ ቤት እንመለስ። በአሜሪካን በኪራይ ቤት የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን፥ ሕንፃው ኢንሹራንስ አለው ሲባል የእነርሱም ዕቃ የተሸፈነ ይመስላቸዋል። የአከራዩ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ግድግዳውንና ጣራውን ነው። ከላይ ያለው ጎረቤት የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ አልጋና ሶፋ ቢያበሰብስ፥ ወይም ከታች የተነሣ እሳት ልብሱን ሁሉ በጢስ ቢያበላሽ፥ የተከራይ ኢንሹራንስ ያልገዛ ሰው ከአከራዩ ኢንሹራንስ ካሣ አያገኝም። የተከራይ ኢንሹራንስ ደግሞ ከመኪና ኢንሹራንስ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ትንሽ ነው። ከዚህም በላይ ጥፋቱ የእኛ የሆነ እንደ ሆነ፥ ለምሳሌ ምጣድ ተለኩሶ ተረስቶ የጎረቤት ቤት ቢቃጠል፥ ለጎረቤቱ የሚከፈለውን ካሣ እስከ ውሉ ጣራ ድረስ ይከፍልልናል። (ምጣድ ካነሣን ዘንድ፥ ለቡና ተብሎ በተዘጋ አፓርትማ ውስጥ ከሰል ማንደድ መቅረት አለበት። ጢሱ ባይታይም የሚወጣው ጋዝ ይገድላል፤ ይህን ደግሞ ማንም ኢንሹራንስ አይመልሰውም።)

የቤት ውስጥ ዕቃ ሲሸፈን ለአንዳንድ ነገር የተለየ ጣራ አለው፤ የእኛን ሰው የሚነካው ይህ ነው። በአሜሪካን በብዙዎቹ ውሎች ለተሰረቀ ጌጣ ጌጥ የሚከፈለው እስከ 1,500 ዶላር ብቻ ሲሆን፥ በቤት ለተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው 200 ዶላር ብቻ ነው። የሠርግ ሐብሏንና አምባሯን በመሳቢያ ያስቀመጠች ሴት፥ የወርቁ ዋጋ ብዙ እጥፍ ቢሆንም የምታገኘው ያንኑ ነው። እቁብ ደርሶት ገንዘቡን ለሰኞ አስገባዋለሁ ብሎ ቅዳሜ ማታ በትራስ ሥር ያሳደረ ሰውማ ከነጭራሹ ባያነሣው ይሻላል። ወርቁ በባለሙያ ተገምቶ ለብቻው በውሉ እንዲመዘገብ ማድረግ ይቻላል፤ ተጨማሪው ክፍያም ከባድ አይደለም። የእቁቡን ገንዘብ ግን የሚያድነው ባንክ ብቻ ነው። ሌላው ሊጠየቅ የሚገባው፥ ኩባንያው የሚከፍለው ዕቃው ዛሬ ተሽጦ የሚያወጣውን ዋጋ ነው ወይስ በምትኩ አዲስ የሚገዛበትን የሚለው ነው። የአሥር ዓመት ሶፋ በመጀመሪያው ሒሳብ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። በዓመት አንድ ጊዜ በስልክ ካሜራ ቤቱን ከክፍል ክፍል እየዞሩ፥ ቁም ሳጥኑን እየከፈቱ ፎቶግራፍ ማንሣት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ፎቶግራፎቹ ግን ስልኩ ውስጥ ብቻ መቅረት የለባቸውም፥ ስልኩም ከቤቱ ጋር ሊቃጠል ይችላልና።

ቤት የገዙትን የሚመለከት ሌላ ነገር አለ። ገናንና ጥምቀትን አገር ቤት ለማክበር የሚመጡ ቤተሰቦች የሚነሡት በጃንዋሪ ነው፤ ያ ወር ደግሞ በሜሪላንድም ሆነ በሚኒሶታ ውሃ በቧንቧ ውስጥ በረዶ የሚሆንበት ወር ነው። ወጪ ለመቀነስ ማሞቂያውን አጥፍቶ የተነሣ ሰው፥ ቧንቧው ቀዝቅዞ ፈንድቶ ቤቱ በውሃ ተሞልቶ ቢጠብቀው ኩባንያው ላለመክፈል ይችላል። አብዛኞቹ ውሎች ባለቤቱ ማሞቂያውን እንዲተው ወይም ውሃውን ከዋናው መዝጊያ ዘግቶ ቧንቧውን እንዲያፈስስ ይጠይቃሉ። ቤቱ ከ30 ወይም ከ60 ቀን በላይ ባዶውን ከቆየ አንዳንድ ዓይነት ጉዳት ከሽፋን የሚወጣበት ውልም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ከጉዞ በፊት ለኩባንያው መንገር፥ ለጎረቤትም ቁልፍ መስጠት ያስፈልጋል። የጎርፍ ውሃ በተለመደው የቤት ኢንሹራንስ አይሸፈንም፤ የተለየ ውል ይፈልጋል። መንግሥት በ1968 ባቋቋመው የጎርፍ ኢንሹራንስ በኩል የተገዛ ውል እንደ ደንቡ ከ30 ቀን በኋላ ስለሚጸና፥ ደመና አይቶ መግዛት አያዋጣም።

በመጨረሻም ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ለመመለስ የሚያስቡ አባቶችና እናቶች አሉ። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካን መንግሥት የሽማግሌዎች የጤና ኢንሹራንስ፥ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፥ ከአሜሪካን ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። በአዲስ አበባ የታመመ ባለ ሜዲኬር እንደማንኛችንም ከኪሱ ይከፍላል። ይህን የተረዱ አንዳንዶች፥ የማልጠቀምበትን ለምን እከፍላለሁ ብለው የሐኪም ወጪ የሚሸፍነውንና በየወሩ የሚከፈልበትን ክፍል ቢ የተባለውን ይሰርዙታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የልብ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸው ሲመለሱ፥ ሳይከፍሉ ላሳለፉት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ይጨመርባቸዋል፤ ጭማሪውም ለአንድ ጊዜ ሳይሆን በውሉ እስካሉ ድረስ በየወሩ የሚከፈል ነው። እንደገና ለመመዝገብም የተወሰነውን ወቅት መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ሜዲጋፕ ከሚባሉት ተጨማሪ ውሎች አንዳንዶቹ ጉዞው በተጀመረ በ60 ቀን ውስጥ ለደረሰ ድንገተኛ ሕመም፥ የመጀመሪያውን 250 ዶላር ባለውሉ ከከፈለ በኋላ ከቀሪው 80 በመቶ ይከፍላሉ፤ በዕድሜ ልክ ግን ከ50,000 ዶላር አያልፉም። ይህ ለጥምቀት ደርሶ ለሚመለስ መንገደኛ የሚበቃ ሲሆን፥ በሰበታ ወይም በቢሾፍቱ ቤት ሠርቶ ለሚቀመጥ ግን አይሆንም። ሰርዞ በመሄድና እየከፈሉ በመቀመጥ መካከል የሚበጀውን የሚወስነው የየሰዉ ዕድሜ፥ ጤናና የመመለስ ዕድል ነው። እኛ በበኩላችን፥ ልጆቹ በአሜሪካን ያሉ ሰው አንድ ቀን መመለሱ አይቀርምና ችኩሎ እንዳይሰርዝ እንመክራለን።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እንግዳ ከአራት ወር በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል። እጃቸው ከሞላ ጎደል ድኗል፤ ስኒ ሲይዙ ብቻ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ከመነጽራቸው ማኅደር ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው አሳዩን፤ ሐኪማቸው የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነመጠኑ በእንግሊዝኛ የጻፈላቸው ነው። ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ እንደገና እሄዳለሁ ይላሉ። ልጃቸው ግን በስልክ፥ “እማዬ፥ አሁን ቅጹን የምንሞላው ሁለታችን አብረን ነው፤ አሥራ ዘጠነኛውን ገጽ ሳላነብልሽ ትኬት አልቆርጥም” ብላቸዋለች።